ዛፍ ላይ በገመድ መሥራት፦ ከመወርወሪያ ሲባጎ እስከ መውረጃ ቋጠሮ

ጅማ ዛፍ የሚወጣ ሰው አታጣም። ገጠሩ ውስጥ ማር ቆራጩ ቀፎውን ጫፍ ላይ ሰቅሎ ይወርዳል። ከተማው ውስጥ ግራቪሊያው ቆርቆሮ ላይ ያጋደለበት ሰው ሰፈር ውስጥ ጠያይቆ አንድ ጎረምሳ ያመጣል። ጎረምሳው በባዶ እግሩ ወጥቶ፣ መጋዙን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ቆርጦ ይወርዳል። እንዲህ እያለ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አንድ ቀን ግን የረገጠው ቅርንጫፍ ይከዳዋል።

ይህ መመሪያ ሥራውን እንደ ሙያ ለመያዝ ለሚፈልጉ ነው። የቡና ጥላ ዛፍ የምትገርዙ፣ ለችግኝ ጣቢያ ዘር የምትለቅሙ፣ ግቢና መንገድ ዳር ያለ ዛፍ የምታሳጥሩ ሁሉ ትጠቀሙበታላችሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሃያ ቋጠሮ ከሚያውቅ ሰው ይልቅ አምስቱን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ከሚያስር ሰው ጋር ዛፍ ብወጣ እመርጣለሁ። አምስቱ እነዚህ ናቸው፦ ስምንት ቁጥር፣ የስካፎልድ ቋጠሮ፣ ብሌክ፣ ፕሩሲክ እና ቦውላይን።

ሌላም አለ። ይህን አንብቦ ብቻ 20 ሜትር የሚወጣ ሰው ካለ እኔ የለሁበትም። ቋጠሮውን ቤት፣ ቀጥሎ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከዚያ ልምድ ካለው ሰው ጋር ነው የምትለማመዱት።

ዕቃው

ከገመዱ እንጀምር። ለዛፍ መውጫ የተሠራ ገመድ ውፍረቱ ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ነው። ለጀማሪ ወፈር ያለው ይሻላል፤ እጅም ቋጠሮም ደህና ይይዘዋል። አብዛኛው ከፖሊስተር የተሠራ ነው፤ ውስጡ ጭነት የሚሸከም ልብ፣ ውጪው የተጎነጎነ ልባስ አለው። መለያ ወረቀቱ ላይ የመሸከም አቅሙ በኪሎ ኒውተን ይጻፋል። ከ22 ኪሎ ኒውተን በታች የሆነ አትግዙ። ይህ በግምት 2,200 ኪሎ ማለት ነው። ሥራ የሠራንላቸው አንዲት እናት ገመዱን በሁለት ጣታቸው ይዘው «ልጄ፣ በዚች ቀጭን ልትንጠለጠል ነው?» አሉኝ። «እትዬ፣ ይቺ ሁለት መኪና ታነሳለች» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ሲጸልዩ ነበር።

ትርፉ ብዙ የሚመስለው ግን ያለምክንያት አይደለም። ቋጠሮ በራሱ የገመዱን አቅም ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። እርጅና፣ ፀሐይና አቧራ ደግሞ የየራሳቸውን ይወስዳሉ።

ሱቅ የሚሸጠው የጭነት መኪና ገመድስ? አይሆንም። አብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ 165 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ቋጠሮ እየተንሸራተተ ሲወርድ የሚፈጥረው ሙቀት ደግሞ ቀላል አይደለም። የቃጫ ገመድ በጅማ እርጥበት ውስጡ ይበሰብሳል፤ ከውጪ ሲያዩት ደህና ይመስላል። የተራራ መውጫ የሚለጠጥ ገመድም ለዚህ ሥራ አይመችም፤ አንድ ሜትር ለመውጣት ግማሹን ጉልበት ገመድ ስትጎትቱ ትጨርሱታላችሁ። የሁለተኛ እጅ ገመድ ጭራሽ አትንኩ። ምን እንዳሳለፈ የሚያውቀው የሸጠላችሁ ሰው ብቻ ነው።

ርዝመቱን ስታስቡ የማሰሪያችሁን (ገመዱ ከላይ የሚያርፍበትን ቦታ) ከፍታ በሁለት አባዙና ጥቂት ሜትር ጨምሩ። 20 ሜትር ላይ ለምትሰቅሉት 45 ሜትር ይበቃል።

ሃርነሱ (ሰውነት ላይ የሚታሰረው መታጠቂያ) የዛፍ መሆን አለበት፤ እግርን የሚይዝ፣ ፊት ለፊት የሚታሰር፣ ተቀምጠው የሚሠሩበት። የሕንፃ ሠራተኛ ሴፍቲ ቤልት ከጀርባ የሚታሰረው የወደቀን ሰው ለመያዝ እንጂ ተቀምጦ ለመሥራት አይደለም። ወገብ ላይ ብቻ የሚጠመጠመው ቀበቶ የባሰ ነው። እግር ሲስት በሆዳችሁ ትንጠለጠላላችሁ፤ መተንፈስም ይከብዳል።

ካራቢነሩ (ገመዱን ከሃርነሱ ጋር የሚያገናኘው ባለበር የብረት ቀለበት) በራሱ የሚዘጋና በራሱ የሚቆለፍ ይሁን። ለመክፈት ቢያንስ ሁለት የተለያየ እንቅስቃሴ የሚጠይቅ ማለቴ ነው፤ ለምሳሌ አዙሮ መግፋት። በእጅ እየተጠመዘዘ የሚቆለፈው በሥራ ንቅናቄ ሊላላ ይችላል። ጭነቱ በረጅሙ ጀርባው በኩል እንጂ በበሩ ላይ እንዳያርፍ ተመልከቱ። አገጭ ላይ የሚታሰር ሄልሜት፣ የዓይን መከላከያና ጠንካራ ጫማ ያለክርክር ይገዛሉ።

ከመውጣት በፊት ዛፉን መዞር

ዛፉን ከግርጌ እስከ ጫፍ እያያችሁ አንድ ጊዜ ሙሉ ዙሩት። ግርጌው ላይ እንጉዳይ ካበቀለ ሥሩ ወይም ውስጡ እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል። በመዶሻ ጀርባ መታ መታ አድርጉት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ገመድ አትስቀሉበት። ጅማ ዝናብ ስለማይጠፋ ግንዱ ሁሉ የዛፍ ሽበትና ተጣባቂ ተክል ይለብሳል። ስንጥቅም ብስባሽም ከሥሩ ይደበቃል። ስለዚህ ግለጡት።

የዛፍ ጠባይ ይለያያል። ዋንዛ ሰፋፊ ባላ ስላለው ለገመድ ይመቻል። የግራቪሊያ ቅርንጫፍ በነፋስ የሚሰበር ነው፤ ከግንዱ ርቃችሁ አትመኑት። ባህር ዛፍ ብዙውን ጊዜ ግንዱ ረጅም ልሙጥ ሆኖ ባላው ሩቅ ነው፤ ደረቅ ቅርንጫፍም ከላይ ይንጠለጠልበታል። አቮካዶ ዝቅ ያለና የዋህ ይመስላል፤ እንጨቱ ግን ሳያስጠነቅቅ ቀጭ ይላል። የምታምኑት ቅርንጫፍ ምንጊዜም ሕይወት ያለው ይሁን። ቅጠሉን እዩ፤ ልጡን በጥፍር ፋቅ አድርጉ፤ አረንጓዴ ካልሆነ ተዉት።

ቀጥሎ ንብ። ቦርቧራ ግንድ ውስጥ መንጋ ካለ ከመሬት ሆናችሁ ታዩታላችሁ፤ ደቂቃ ብቻ ቆማችሁ ጠብቁ። ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ከንብ መሮጥ አይችልም። ጉንዳንም አይናቅ፤ ግርጌው ላይ መስመር ሠርቶ ካያችሁ ሥራውን ለነገ አድርጉት።

ከሁሉ በላይ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ሰፈር ውስጥ የሚያልፈው መካከለኛ ቮልቴጅ ያለው መስመር 15 ኪሎ ቮልት ወይም 33 ኪሎ ቮልት ሊሆን ይችላል። እናንተም፣ ገመዳችሁም፣ የምትቆርጡት ቅርንጫፍም ከመስመሩ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት። እርጥብ ገመድና እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ከዚህ የቀረበ ሥራ ከሆነ መስመሩ እስኪቋረጥ አይነካም። ባለቤቱ «ትንሽ ናት፣ ቶሎ ቁረጣት» ቢልም አይነካም።

ሲባጎ መወርወርና ገመድ መስቀል

ገመዱ ወደ ላይ የሚሄደው በቀጭን ሲባጎ ተስቦ ነው። ሲባጎው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ልሙጥ፣ የማይጠማዘዝ ይሁን። ጫፉ ላይ ከ280 እስከ 400 ግራም የሚመዝን ከረጢት ይታሰራል። ሲባጎውን መሬት ላይ አትዘርጉት፤ ሣርና ጭራሮ ይይዘዋል። አፉ ሰፊ ሳፋ ወይም ካርቶን ውስጥ ሳትጠቀልሉ ዝም ብላችሁ ጣሉት። ሲወጣ ሳይተበተብ ይከተላል።

ሲባጎውን ከረጢቱ አጠገብ አጥፋችሁ በሁለት እጅ ያዙ። እግራችሁን ከፍታችሁ ቁሙ፤ ከረጢቱን በእግራችሁ መካከል ወደ ኋላና ወደ ፊት አወዛውዙ፤ ወደ ፊት ሲመጣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ልቀቁ። ጉልበት ሳይሆን ቅጽበት ነው ወሳኙ። ቀድማችሁ ከለቀቃችሁ ፊት ለፊት ይሮጣል፤ ከዘገያችሁ ራሳችሁ ላይ ይመለሳል። ሄልሜት አሁን ነው የሚደረገው። ባጃጅና ሰው የሚያልፍበት ቦታ ከሆነ የመሬቱ ሰው (ከታች የሚቆመው ባልደረባችሁ) መጀመሪያ መንገዱን ይያዝ።

የምትፈልጉት ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚነጠልበት ባላ ነው። ቅርንጫፉ መነሻው ላይ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ገመዱ ባላው ውስጥ ግንዱን ተደግፎ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ከግንዱ አንድ ክንድ ርቆ ቅርንጫፍ ላይ ካረፈ ግን ሲባጎውን መልሳችሁ ሳቡና እንደገና ወርውሩ። «ይሁን፣ ይበቃል» የሚባለው እዚህ ጋ አይሠራም።

ከረጢቱ ሲወርድ ፈታችሁ የገመዱን ጫፍ በሲባጎው እሰሩት። አንድ ቦታ አታብዙት፤ ከጫፉ ጀምራችሁ ሁለት ሦስት ቦታ ሸብ አድርጉት፤ መጋጠሚያው ቀጭን ሆኖ ባላው ላይ እንዳይያዝ ነው። ቀስ ብላችሁ ሳቡ።

አሁን ፈተና። የገመዱን ሁለት እግር (ከባላው በሁለት ወገን የወረደውን) አንድ ላይ ያዙና ሁለት ሰው ሆናችሁ ተንጠልጠሉ። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ፣ ቀጥሎ ጉልበታችሁን አጠፍ ዘርጋ እያደረጋችሁ። ጆሮ ስጡ፤ ዓይን ላይ ሳይታይ የሚሰማ የስንጥቅ ድምፅ አለ። ከተሰማ ገመዱን አውርዱ፣ ሌላ ባላ ፈልጉ። ስትፈትኑ ከቅርንጫፉ ቀጥታ ሥር አትቁሙ፤ ገመዱን ይዛችሁ ትንሽ ወደ ጎን ሁኑ።

ገመድ በባላው ላይ ሲመላለስ ልጡን ይልጣል፤ ራሱም ይበላል። ለዚህ ትልቅና ትንሽ ቀለበት ያለው ጠፍር አለ፤ ግንዱ ላይ ይጠመጠማል፤ ገመዱ በቀለበቶቹ ያልፋል። ከታች ሆኖ መስቀልም ይቻላል። ጀማሪ ግን መጀመሪያ በባላው ይውጣ፤ ከላይ ደርሶ በሌላ ገመድ ግንዱ ላይ ራሱን ካሰረ በኋላ ይግጠመው።

ዋናው አሠራር፦ ተዘዋዋሪ ገመድ

ገመዱ በባላው አልፎ ሁለት እግር ሆኖ ወርዷል። አንደኛው እግር ጫፉ ሃርነሳችሁ ላይ ይታሰራል። ሁለተኛው እግር ላይ ነክሶ የሚይዝ ቋጠሮ ይታሰራል፤ እሱም ሃርነሳችሁ ላይ ይገናኛል። ቋጠሮውን ወደ ላይ ስትገፉት ይንሸራተታል፤ ስትቀመጡበት ይነክሳል። ክብደታችሁ በሁለቱ እግሮች ስለሚካፈል ነካሹ ቋጠሮ የሚሸከመው ግማሹን ገደማ ነው። ለጀማሪ የምመርጠው ለዚህ ነው። ዋጋው ደግሞ አንድ ሜትር ለመውጣት ሁለት ሜትር ገመድ መሳብ ነው።

*ጫፉን ማሰር።* የስካፎልድ ቋጠሮ ትጠቀማላችሁ። የገመዱን ጫፍ በካራቢነሩ አሳልፉና ከዋናው ገመድ ጎን ለጎን ወደ ላይ አስተኙት። ከዚያ ጫፉን መልሳችሁ ዋናውንም ራሱንም አንድ ላይ እየጠመጠማችሁ ወደ ካራቢነሩ ሁለት ዙር ውረዱ። ጫፉን በሁለቱ ዙሮች ውስጥ ከካራቢነሩ በሚርቅ አቅጣጫ አውጡ። አጥብቁ። በአንድ ወገን የተሻገረ ምልክት፣ በሌላው ወገን ሁለት ትይዩ ዙር ይታያል። የተረፈው ጭራ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ዘለበቱ ካራቢነሩን አንቆ ስለሚይዘው ካራቢነሩ አይዞርም፤ ጭነቱም በበሩ ላይ አያርፍም።

*ብሌክ።* በ1994 እ.ኤ.አ. ጄሰን ብሌክ የተባለ አሜሪካዊ ዛፍ ወጪ በሙያ መጽሔት ስላስተዋወቀው በስሙ ይጠራል። ኦስትሪያዊው ሃይንዝ ፕሮሃስካ ግን ቀደም ብሎ ደርሶበታል። እኔ ጀማሪን በዚህ ነው የማስጀምረው፤ ከራሱ ከመውጫው ገመድ ዓይነት ይሠራል፣ ልዩ ክር አይፈልግም።

ከመውጫው ገመድ ጋር አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው 1.5 ሜትር ቁራጭ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ በስካፎልድ ቋጠሮ ሁለተኛ ካራቢነር ላይ አስራችሁ ሃርነሱ ላይ አድርጉ። ሌላኛውን ጫፍ በነፃው የገመድ እግር ላይ እንዲህ እሰሩ፦

አውራ ጣታችሁን ገመዱ ላይ አስተኙ። ቁራጩን ገመዱንና ጣታችሁን አንድ ላይ ይዞ ከታች ወደ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሙ። ጣታችሁን እዚያው ትታችሁ ከላይ ሁለት ዙር ጨምሩ፤ እነዚህ ገመዱን ብቻ ይጠመጥማሉ። አሁን አራት ዙር ሆነ። ጫፉን ወደ ታች አምጡ። ወደ ሃርነሳችሁ በሚሄደው በራሱ በቁራጩ ክፍል ፊት ለፊት ያልፋል፤ ከዚያ በዋናው ገመድ ጀርባ ይዞራል። ጣታችሁን እያወጣችሁ ጫፉን በጣታችሁ ቦታ አስገቡት፤ በታችኞቹ ሁለት ዙሮች ሥር አልፎ ይወጣል። ዙሮቹን አስተካክላችሁ አጥብቁ። ጫፉ ላይ ስምንት ቁጥር ቋጥሩ፤ ጭራው ወደ ኋላ ተንሸራቶ እንዳይወጣ ነው።

ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ቁጠሩ፦ ሁለት ዙር ጭራውን ያቀፉ፣ ሁለት ዙር ከበላያቸው ነፃ የሆኑ። ጭራው በሌላ ቦታ ከወጣ፣ ወይም አንዱ ዙር ሌላውን ከተሻገረ፣ ፈትታችሁ እንደገና እሰሩ። ተሳስቶ የታሰረ ብሌክ መሬት ላይ ሲይዝ ትክክለኛውን ይመስላል። ላይ ሲደርስ ነው የሚለቀው።

ቁመቱስ? ሃርነሱ ላይ ተቀምጣችሁ እጃችሁን ወደ ቋጠሮው ስትዘረጉ ክርናችሁ ትንሽ የታጠፈ ይሁን። ከክንዳችሁ ከራቀ ተንጠልጥላችሁ ልትደርሱበት አትችሉም፤ ያኔ ወደ ላይም ወደ ታችም የለም።

*ፕሩሲክ።* ካርል ፕሩሲክ የተባለው ኦስትሪያዊ ተራራ ወጪ በ1931 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። ከዋናው ገመድ ቀጠን ያለ ክር ይፈልጋል፤ ለ12 ሚሊ ሜትር ገመድ ከ8 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሙቀት የሚችልና አቅሙ የተጻፈበት። ሁለቱን ጫፎች ፊት ለፊት በተገናኙ ሁለት የስካፎልድ ዙሮች አስራችሁ ዘለበት አድርጉት። ዘለበቱን በገመዱ ጀርባ አድርጋችሁ በራሱ ውስጥ ሦስት ጊዜ አሳልፉት። ስድስት ዙር ይታያል፤ ሦስት ከላይ፣ ሦስት ከታች፣ መሃል ላይ ደግሞ ድልድይ። ዙሮቹ እንደ መሶብ ስፌት ጎን ለጎን ተኝተው መታየት አለባቸው። ፕሩሲክ በጣም ስለሚነክስ ክብደት ካረፈበት በኋላ ማላላት ያስቸግራል። እኔ የግንድ ማሰሪያው ላይ ነው የምጠቀመው። ዲስቴልና ቫልዶታን የሚባሉት ቋጠሮዎች ይበልጥ ለስላሳ ናቸው፤ ብሌክ እጃችሁ ውስጥ ከገባ በኋላ ትደርሱባቸዋላችሁ።

*ስምንት ቁጥር።* የነፃው እግር ጫፍ ላይ የግድ ይታሰራል። ገመዱ አጥሮባችሁ ስትወርዱ ነካሹ ቋጠሮ ከጫፉ ላይ ሾልኮ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። ማሰሩ አሥር ሴኮንድ አይፈጅም።

ግማሽ ሜትር ላይ

ከመሬት እግራችሁ ብቻ እስኪነሳ ወጥታችሁ ቁጭ በሉ። ሙሉ ክብደታችሁን ጣሉ፤ ተወዛወዙ። ቋጠሮውን ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ጥቂት ውረዱ፤ ልቀቁት፤ ወዲያው ይነክሳል? ካልነከሰ ዙሩ ልል ነው፤ አስተካክሉ። ካራቢነሮቹን አንድ በአንድ ጨብጣችሁ ለመክፈት ሞክሩ። የሃርነሱን ዘለበቶች ንኩ። ከዚያ የመሬቱ ሰው ይህንኑ በእጁ እየነካ ይድገም። በዓይን ማየት አይበቃም። አብሮ አደጋችሁ ቢሆንም «አውቅበታለሁ» ብሎ አያልፍም። ትንሹ ትልቁን ለማረም እንዳያፍር ደግሞ ልማድ አድርጉት፤ «ጋሼ፣ አንዴ ቆይ» ማለት ነውር አይደለም።

መውጣትና መሥራት

በነካሹ ቋጠሮ ሥር ያለውን ገመድ በሁለት እጅ ያዙ፣ ዳሌያችሁን ወደ ላይ ወርውሩ፣ በዚያው ቅጽበት ገመዱን ወደ ታች ሳቡ፣ ቋጠሮውን ገፍታችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ያስጨርሳል። ገመዱን እግራችሁ ላይ ጠምጥማችሁ በመቆም መውጣትን ከተማራችሁ ይቀላል፤ ክንድ ሳይሆን ጭን ይሠራል። የመሬቱ ሰው ጭራውን ሳብ አድርጎ ቢይዝላችሁ ቋጠሮው በራሱ ይከተላችኋል።

ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ በእናንተና በማሰሪያው መካከል ያለው ገመድ ሁልጊዜ የተወጠረ ይሁን። ይህ ገመድ ብዙም አይለጠጥም፤ ጥቂት ሜትር ብትወድቁ ቢይዛችሁም ወገባችሁን ሊሰብር ይችላል። ሁለተኛ፣ ከማሰሪያችሁ በላይ አትውጡ። ከፍ ማለት ካስፈለገ በግንድ ማሰሪያ ራሳችሁን አስራችሁ ገመዱን ወደ ላይኛው ባላ አዛውሩ።

የግንድ ማሰሪያ ስንል ከ3 እስከ 4 ሜትር የሆነ አጭር ገመድ ነው። ከአንድ ጎን ሃርነስ ተነስቶ ግንዱን ዞሮ በሌላው ጎን ይገናኛል። ርዝመቱ በፕሩሲክ ይስተካከላል። የማር ቆራጮቹ ግንዱንና ወገባቸውን በገመድ አቅፈው የሚወጡበት ዘዴ የዚህ ቤተዘመድ ነው። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ዋናው ገመድ ሳይነካ ከላይ መኖሩ ነው።

መጋዝ ከመነሳቱ በፊት ሁለቱም መታሰር አለባቸው፤ ዋናው ገመድም የግንዱ ማሰሪያም። ያለዚህ ቆረጣ የለም። የተወጠረ ገመድ ስለት ሲነካው ትግል አያደርግም፤ የእጅ መጋዝ አንዴ ሳብ ቢያደርገው ያልቃል። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለቱም ገመዶች የት እንዳሉ በዓይናችሁ ተከተሉ። የሞተር መጋዝ በሁለት እጅ ይያዛል፤ ሃርነሱ ላይ በራሱ ማንጠልጠያ ይታሰራል።

የሚቆረጠውን ቅርንጫፍ በመውጫ ገመዳችሁ አታውርዱ። ለእሱ ሌላ፣ ወፍራም ገመድ ይኑራችሁ። ቅርንጫፉ በቦውላይን ይታሰራል፦ ገመዱ ላይ ትንሽ ቀለበት ሥሩ፤ ጫፉ ቅርንጫፉን ዞሮ ይምጣና ከታች ወደ ላይ በቀለበቱ ይግባ፤ በዋናው ገመድ ጀርባ ይዙር፤ በገባበት ቀለበት ይመለስ። ቦውላይን ከከባድ ጭነት በኋላም በቀላሉ ይፈታል፤ ጥሩነቱ ይህ ነው። ጭነት ሲለቀው ግን ሊላላ ይችላል፤ ስለዚህ ጭራውን ረዘም አድርጉና ተጨማሪ ቋጠሮ እሰሩበት።

ቡና ማሳ ውስጥ ከሆናችሁ ለቀማው ካለቀ በኋላ ሥሩ። ባለማሳው አንድ የቡና ዛፍ ሲሰበር የሚሰማው ሕመም ከእናንተ ክፍያ ይበልጣል።

መውረድ

ከመነሳታችሁ በፊት የገመዱ ጫፍ መሬት መድረሱንና ስምንት ቁጥሩ መኖሩን የመሬቱን ሰው ጠይቁ። ብሌኩን ከአናቱ በአንድ እጅ ያዙ፤ በዝግታ ወደ ታች ሳብ አድርጉ። ሌላው እጅ ከሥር ገመዱን ይያዝ። ፍጥነቱ ሰው ደረጃ ሲወርድ ያለው ያህል ይበቃል። በፍጥነት መውረድ ለተመልካች ያምራል፤ ቋጠሮውን ግን ያቃጥለዋል። መሬት ስትደርሱ ቁራጯን ንኩ። ለእጅ ካቃጠለች ፈጥናችኋል። ላይዋ እንደ ብርጭቆ ካብለጨለጨ ልባሱ ቀልጧል፤ ጣሏት። ቁራጯን ለብቻ የምናስረው ለዚህም ጭምር ነው፤ ዋናው ገመድ ሳይነካ በትንሽ ወጪ ትተካለች።

ስለ ቋሚ ነጠላ ገመድ ጥቂት

ልምድ ያላቸው ሠራተኞች በነጠላ ገመድ፣ በእግርና በጉልበት መወጣጫ ይወጣሉ። ፈጣን ነው፤ ለረጅም ባህር ዛፍ ይመቻል። ሁለት ጣጣ ግን አለው። ገመዱ በባላው አልፎ ግንዱ ግርጌ ላይ ሲታሰር ላይኛው ባላ የሚሸከመው ከክብደታችሁ እስከ እጥፍ ይደርሳል። 80 ኪሎ ሰው እስከ 160 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ነካሹ ቋጠሮ ሙሉ ክብደት ስለሚሸከም ብቻውን ለመውረጃ አይሆንም፤ በጣም ይነክሳል ወይም ይቃጠላል። ሮፕ ሬንች (ከነካሹ ቋጠሮ በላይ ሆኖ ክብደቱን የሚካፈል መሣሪያ) ወይም ለነጠላ ገመድ የተፈቀደ መውረጃ መሣሪያ ከሌላችሁ ተዘዋዋሪው ላይ ቆዩ።

የመሬቱ ሰው

ብቻችሁን አትውጡ። ከታች የሚቆመው ደግሞ ቅርንጫፍ ጎታች ብቻ አይደለም፤ መውጣትም ማውረድም የሚችል፣ የራሱ ሃርነስና ገመድ የተዘጋጀለት መሆን አለበት። ራሱን ስቶ ሃርነስ ላይ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀማል። መሰላል ፍለጋ ሰፈር የሚዞርበት ጊዜ የለም። ለዚህ ብዬ ሁለተኛ ገመድ ከሥራው በፊት ዛፉ ላይ እሰቅላለሁ። ማዳኑን ዝቅ ያለ ዛፍ ላይ፣ ጤነኛ ጓደኛችሁን በሽተኛ አድርጋችሁ ተለማመዱት።

ንግግሩ አጭር ይሁን። ከላይ «ሊወድቅ ነው!»፤ ከታች «ይምጣ!»። መልስ ካልመጣ አይቆረጥም። መንገድ ዳር ከሆነ ባጃጆቹን የሚያቆም ሌላ ሰው ጨምሩ።

ገመዱን መያዝ

ከሥራ በኋላ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ መሃል አሳልፉት፤ በየክንዱ አጠፍ አድርጉት። አጥፉ ቆንጆ ቅስት መሥራት አለበት። አንድ ቦታ ላይ ስል ሆኖ ከታጠፈ፣ ካበጠ ወይም ባዶ ሆኖ ከተሰማ ልቡ ተጎድቷል። ልባሱ ተቆርጦ ውስጡ ከታየም ያው ነው።

ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና እጠቡት፤ በረኪና አታስጠጉት። ጅማ ክረምት ላይ ገመድ ማድረቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፀሐይ ወጣች ብላችሁ ግን ቆርቆሮ ላይ አታስጡት፤ ጥላና ነፋስ ያለበት በረንዳ ላይ ልቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። ከቤንዚን፣ ከመጋዝ ዘይትና በተለይ ከባትሪ አሲድ አርቁት። የባጃጅ ወይም የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከባትሪ ጋር ተጭኖ ከሄደ ዓይን የማያየው ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። የተገዛበትን ቀን ጫፉ ላይ በፕላስተር ጻፉበት። ብዙ አምራቾች፣ ሳይሠራበት ቢቀመጥ እንኳ፣ ከ10 ዓመት በላይ እንዳትጠቀሙበት ይላሉ። በየሳምንቱ የሚሠራበት ግን ያን ያህል አይቆይም።

የተጣለ ገመድ ሙሉውን እንዳለ አትተዉት። ጎረቤት አንስቶ ይወጣበታል። በአንድ በአንድ ሜትር ቆራርጡት፤ ያኔ ለፍየል ማሰሪያ ብቻ ይሆናል።